ቅቤ የጠጣው የአውሮፕላን ጫማ

የ2017 ዓ.ም. ኅዳር ነበር። የነቢያት ጾም ገብቷል፤ ስንዴው ደርቆ አጨዳ ተጀምሯል፤ አሰላ ላይ በየማለዳው ውርጭ ይወርዳል። ባለቤቴ በዚያ ሰሞን ነጠላ ጫማ አድርጎ፣ ጋቢ ደርቦ፣ ቤት ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ ይቀመጥ ነበር።

ዕድሜውን ሙሉ ኮምባይነር ሲነዳና ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። ከሁሩታ እስከ በቆጂ ያላጨደው ማሳ የለም። ጡረታ በወጣ በዓመቱ የጓሮው ደረጃ ላይ አንሸራቶት ወደቀና እግሩ ተሰበረ። እግሩ ድኗል። ሐኪሙም "አሁን ይራመዱ" ብሎታል። እሱ ግን ከበር አልወጣም አለ። ጥቂት ያነክሳል፤ ያንን ሰው እንዲያይበት አልፈለገም። የቆዳ ጫማው አልጋ ሥር ገብቶ አቧራ ለበሰ። ቤተ ክርስቲያን እንሂድ ስለው "እግሬ" ይላል። ለቅሶ ስለው "እግሬ"። ምሳ ቀርቧል ስለው ግን እግሬ ብሎ አያውቅም።

አልጨቀጨቅሁትም። ለእመቤታችን ነገርኳት። በምን እንደምትልክልኝ አላውቅም ነበር። በካርቶን ላከችልኝ።

ካርቶኑን ያመጣችው አዳማ የሙያ ትምህርት ቤት የምታስተምረው ልጃችን ናት። ውስጡ አንዲት ትንሽ አውሮፕላን አለች፤ በሪሞት የምትበር፣ ክንፏ አንድ ክንድ ተኩል የሚያህል፣ ነጭ። የጀመራት ሰው ሰልችቶት ትቷታል። ሞተሯ ገብቷል፤ ክንፏ አልቋል።

"አባዬ፣ ተማሪዎቼ ይቺን ስትበር ማየት አለባቸው" አለች ልጄ። "የቀረው እግሩ ብቻ ነው።"

"የማን እግር?" አለ ባለቤቴ ቆጣ ብሎ።

"የአውሮፕላኗ።"

ባለቤቴ ካርቶኑን በነጠላ ጫማው ጫፍ ወደ ራሱ ሳብ አደረገው።

ልጄ በሚቀጥለው ዓርብ ተመልሳ እንደምትመጣ፣ ቅዳሜ ማለዳ ነፋስ ሳይነሣ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው የግጦሽ ሜዳ ላይ እንደምትሞክራት ነግራው ሄደች። በበሩ ስሸኛት "እማዬ፣ እስከ ሜዳው ይመጣ ይሆን?" ብላ በሹክሹክታ ጠየቀችኝ። እኔም የምፈልገው ይህንኑ ነበር። አውሮፕላኗ ስትነሣ እሱም አብሯት እንዲነሣ። ካልተነሣች ደግሞ ተመልሶ ወደዚያች ግድግዳ እንደሚሄድ፣ ሁለተኛም እንደማላነሣው አውቅ ነበር።

ሽንኩርት የምከትፍበት ጠረጴዛ በማግስቱ ተወሰደብኝ። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ሞረድ፣ መሰርሰሪያ ተደረደረበት። ከሥሩ ደግሞ ውሻችን ተኛ።

ሥራውን ከሽሮዬ አጠገብ ሆኜ ስለማየው ተማርኩት። ሁለት የአሉሚኒየም እግሮች አሉ። በእያንዳንዱ እግር ጫፍ ቀዳዳ አለ፤ በዚያ አክስሉ ይገባል። አክስሉ እርሳስ የሚያህል ብሎን ነው፤ በዳዶ ይታሰራል። ብርቱካን የምታህል ጎማ ትገባበታለች። ጎማዋ ወዲያና ወዲህ እንዳትሄድ ከግራና ከቀኝ ትንንሽ ቀለበቶች ይጠብቋታል። በመጨረሻ ጎማዋ ላይ ከፋይበር የተሠራ ሽፋን ይጠለቃል፤ ፊቱ ክብ፣ ኋላው ሾጣጣ፣ የእንባ ዘለላ የመሰለ። ነፋስ እንዳይይዛት ነው አሉ። ልጄ የዚህን ነገር ስም የጎማ ሱሪ ብላን ነበር።

"ሱሪ ጎማ ላይ ምን ይሠራል?" አለ ባለቤቴ። "ይሄ ጫማ ነው።"

ጫማ ሆኖ ቀረ።

ጫማው ጎማዋን መንካት የለበትም። አፍንጫውም ቀጥ ብሎ ወደ ፊት ማየት አለበት፤ ወደ ሰማይ ካየ ወይም ወደ መሬት ካጎነበሰ ሥራው ተበላሸ። ባለቤቴ ይህን ለማየት ወለሉ ላይ በሆዱ ተኝቶ አንድ ዓይኑን ይጨፍን ነበር። ከዚያ ይነሣል። ደግሞ ይተኛል። ካልሲውን ለማጥለቅ ጎንበስ ማለት አልችልም የሚለኝ ሰው ነው። አይቼ እንዳላየሁ ሆንኩ።

ረቡዕ ዕለት ሁለቱን ጫማዎች ሰርስሮ ጨርሶ ጠረጴዛው ላይ አቆማቸው። ጎረቤታችን ጋሪ ነጂው በዚያ ሰዓት ገባ። ማታ ማታ ፈረሱን ካሳረፈ በኋላ ባለቤቴን ሊያጫውት ይመጣል፤ ማጫወት የሚለው ማብሸቁን ነው።

"እንዴት ነው ጋሼ፣ አለቀ?"

"አለቀ።"

እኔ ጫማዎቹን አየሁ። የአክስሉ ቀዳዳ በሁለቱም ላይ በቀኝ ጎናቸው ነው። የግራው እግር ጫማ እንደዚያ ነው የሚበሳው፤ የቀኙ ግን በግራ ጎኑ መበሳት ነበረበት።

"ሁለቱም የግራ ናቸው" አልኩ።

ባለቤቴ አንዱን አነሣ። አገላበጠው። ሁለተኛውን አነሣ። ጎን ለጎን አድርጎ አያቸው።

"ወላሂ፣ ይቺ አውሮፕላን ግራ እግረኛ ናት" አለ ጋሪ ነጂው። "ለኳስ ቡድን እንሽጣት።"

አንዱ ጫማ በሌላ ጎኑ እንደገና ተበሳ። የተሳሳተው ቀዳዳ እግሩ ከተሰበረበት ጊዜ በተረፈ የቁስል ፕላስተር ተለጠፈ። አሁን አውሮፕላኗ እግሯ ላይ ፕላስተር አላት። እሷና ባለቤቴ ተያዩ፤ ተዛመዱ መሰለኝ።

የቀረው አክስሉን ማለስለስ ነበር። ልጄ "አንዲት ጠብታ የስፌት ማሽን ዘይት ይበቃዋል" ብላ ነበር። የስፌት ማሽን የለንም። ጋሪ ነጂው ከጋሪው ግራሶ በቆርቆሮ አመጣ። ጥቁር ነው፤ ገለባና የፈረስ ፀጉር አለበት።

"ይሄን ለፈረስህ" አለ ባለቤቴ።

"ጋሪው ላይ አሥር ኩንታል ሲጫን የሚያሽከረክረው ይሄ ነው ጋሼ!"

"ይቺ የምትጭነው የለም። ነጭ ናት፤ ትቆሽሻለች።"

የኑግ ዘይት ሰጠሁት። ኑግ ሲቆይ ይደርቃል፣ ይጣበቃል ብሎ መለሰልኝ። ከዚያ ዓይኑ ወደ መደርደሪያዬ ሄደ። ጾም ሲገባ ዘግቼ ያስቀመጥኩት የቅቤ ዕቃ አለ፤ ለገና የሚሆን።

"የአርሲ ቅቤ ነው" አለ። "ለፀጉር ይሆናል፤ ለጠፍር ይሆናል።"

"ጾም ነው" አልኩ።

"አውሮፕላን አይጾምም።"

ደስ አላለኝም። በጾም ቅቤ ከፍቼ፣ ቅቤ ነክቼ፣ በዚያው እጄ ሽሮ ላቀርብ ነው። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የነፍስ አባታችን ቤታችንን ሊባርኩ መጡ። ጸሎት አድርሰው፣ ጸበል ረጭተው፣ ከተቀመጡ በኋላ ጠየቅኋቸው።

"አባ፣ አውሮፕላን በቅቤ ቢቀባ ጾም ያፈርሳል?"

አባ ብዙ ዘመን ሲያናዝዙ ኖረዋል። እንዲህ ያለ ጥያቄ ግን አልመጣላቸውም መሰለኝ። መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡና ጠረጴዛውን አዩ።

"ይቺ ናት?"

"ይቺ ናት፣ አባ።"

"ተጠምቃለች?"

"ኧረ አልተጠመቀችም!"

"እንግዲያው ጾም የለባትም። አንቺ ግን ጣትሽን እንዳትልሺ።"

ባለቤቴ አሸናፊ ሆኖ ሳቀ። አባ ወደ እሱ ዞሩ።

"አንተ ግን ተጠምቀሃል። መቼ ነው የምትመጣው?"

ሳቁ ቆመ። "እግሬ፣ አባ…"

"እሷም እኮ እግር አልነበራትም" አሉና መስቀሉን አሳልመውን ወጡ።

ባለቤቴ ቅቤውን ገጠመው። አንዲት ጠብታ ብሎ ነገር አያውቅም። ኮምባይነር ግራሶ የሚጠጣው እስኪተፋ ድረስ ነው፤ ንጹሑ ግራሶ በጠርዝ ሲወጣ ያን ጊዜ ጠገበ ይባላል። አርባ ዓመት እንደዚያ ሲያጠጣ ኖሯል። አውሮፕላኗንም እንደዚያ አጠጣት። አክስሉ ጠገበ፤ ቀለበቶቹ ጠገቡ፤ ጫማው ራሱ ከውስጥ ጠገበ። ከሰሉ ተያይዞ ቤቱ ሞቋል። ጎማዋን በጣቱ ሲመታት እንደ እንዝርት ትሾራለች። ውሻችን ከጠረጴዛው ሥር ተነሥቶ ቆሞ ያያል።

"ሥራ ይወዳል ይሄ ውሻ" አለ ባለቤቴ።

ዓርብ ማታ ልጄ መጣች። ጎማዋን አሾረቻትና በጣም ተደሰተች። ከዚያ አየሩን አሸተተች።

"ምንድን ነው የሚሸተው?"

"ጥሩ ሥራ" አለ አባቷ።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ጋሪው በር ላይ ቆመ። አውሮፕላኗን በብርድ ልብስ ጠቅልለን አወጣን። ልጄ ለቀበሌው ቀድማ አስታውቃለች። ሁሉም ተሰናድቷል። ባለቤቴ ግን ግድግዳውን ተደግፏል።

"እናንተ ሂዱ። ስትመለሱ ትነግሩኛላችሁ።"

"አባዬ!"

"እግሬን ብርዱ…"

ልጄ እኔን አየችኝ። እኔ የምለውን ሁሉ ብዬ ጨርሻለሁ። ከውጭ የጋሪ ነጂው ድምፅ መጣ።

"ተዉት ጋሼ፣ ባይመጡ ይሻላል! ጎማው ቢወልቅ ግን ማንን እንሰድባለን? የሌለን ሰው ማማት እንደሆነ ሐራም ነው!"

"የማን ጎማ ነው የሚወልቀው?" አለ ባለቤቴ።

ወጣ። በነጠላ ጫማ፣ ካልሲ ደርቦ፣ ዱላውን ይዞ፣ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ። ጋሪው ላይ ወጥቶ ማንንም ሳያይ ተቀመጠ። ውሻችን ከኋላ ተከተለን።

ሜዳው በውርጭ ነጭ ሆኗል። በጎች የጋጡት ስለሆነ ምንጣፍ ይመስላል። የፈረሱ ትንፋሽ እንደ ጭስ ይወጣል። ልጄ አውሮፕላኗን መሬት ላይ አስቀመጠች፤ እኔና ጋሪ ነጂው ከኋላዋ ቆምን። ባለቤቴ ከጋሪው አልወረደም።

ሞተሩ ጮኸ። አውሮፕላኗ ተንቀጠቀጠች። አልሄደችም። ልጄ ኃይል ጨመረችላት፤ ያን ጊዜ ጭራዋን ወደ ሰማይ አንሥታ በአፍንጫዋ ተደፋች።

"ያ ረቢ!" አለ ጋሪ ነጂው። "ሱጁድ ወረደች!"

"ምን ሆነች?" አለ ባለቤቴ ከጋሪው ላይ።

ልጄ አንሥታ ጎማዋን በጣቷ ገፋቻት። አትዞርም። ሌላዋንም ገፋች። ያቺም ቀጥ ብላለች። ባለቤቴ ሲወርድ አላየሁትም። ድንገት አጠገባችን ቆሞ ነበር። ዱላውን ጋሪው ላይ ረስቶታል።

ጫማውን ገልብጠን አየነው። ውስጡ ያለው ቅቤ እንደ ሻማ ደርቋል። ጎማዋ ሻማ ውስጥ ተቀብራለች። ለካ የሾረችው በከሰሉ ሙቀት ነበር።

"አባዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?" አለች ልጄ።

"ቅባት።"

"ምን ዓይነት ቅባት?"

ባለቤቴ ፈረሱን ማየት ጀመረ።

"እማዬ?"

"የአርሲ ነው" አልኩ።

ልጄ ፊቷን አዞረች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ በብርድ አልነበረም። ጋሪ ነጂው ገለባ አንድደን እናሙቀው አለ። ፋይበሩ ይቀልጣል ተባለ። ፀሐይ እስክትሞቅ እንጠብቅ አለ። ነፋሱ ይነሣል ተባለ።

ባለቤቴ ጋቢውን አስተካከለ። "በቃ። ወደ ቤት" አለ።

ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ። ወደ ግድግዳው የሚሄድበት ድምፅ ነው።

የፈረሱን ጆንያ መሬት ላይ አነጠፍኩና ተቀመጥኩ። አውሮፕላኗን ተቀበልኳት። ሁለቱን እግሮቿን በጋቢዬ ሥር አስገብቼ ሆዴ ላይ አደረግኳቸው፤ ከላይ ታቀፍኳት። በጣም ይቀዘቅዝ ነበር።

ጋሪ ነጂው ጎንበስ ብሎ አየኝ።

"እትዬ፣ እንቁላል ታቅፈው ነው እንዴ?"

"ዝም በል፤ ይፈለፈላል።"

አባታችን ሆይ አልኩ። እመቤቴን ለመንኩ። ባለቤቴ መጀመሪያ ቆሞ ያየኝ ነበር። ቆይቶ መንጎራደድ ጀመረ፤ ወዲያ፣ ወዲህ። እያነከሰ። "ሞቀ?" ይላል። "ገና" እላለሁ። "አሁንስ?" ይላል። ፀሐይ በጭላሎ በኩል ብቅ አለች። ያኔ አንድ ነገር በቀሚሴ ላይ ሲወርድ ተሰማኝ። በነቢያት ጾም ቅቤ ሆዴ ደረሰ፤ በውጭ በኩል ነው። ይህንንም በኋላ ለአባ ነግሬያቸዋለሁ።

"ሞቀ" አልኩ።

ባለቤቴ እኔ ፊት ተንበርክኮ ጎማዋን መታት። ሾረች። በጋቢው ጫፍ የተረፈውን ቅቤ ጠረገና ራሱ ተሸክሟት ሄዶ መሬት ላይ አስቀመጣት።

"በፍጥነት" አላት ልጃችንን፤ "ሳትቀዘቅዝ።"

ሞተሩ ጮኸ። ሄደች። ውርጩ ላይ ሁለት ቀጫጭን መስመር አሰመረች፤ ከዚያ መስመሩ ቀረ፤ እሷ አየር ላይ ናት። ጋሪ ነጂው ደስ ሲለው ኦሮምኛው ይቀድመዋል፤ "ባዬ ጋሪዳ! ባዬ ጋሪዳ!" እያለ፣ በጣም ጥሩ ነው ማለቱ ነው፣ ኮፍያውን ወረወረ። ፈረሱ ደነገጠ። አውሮፕላኗ ከስንዴው ማሳ በላይ ዞረች፤ ፀሐይዋ ክንፏ ላይ አረፈች። ባለቤቴ አፉን ከፍቶ ወደ ላይ ያያል። ጋቢው ከትከሻው ወድቋል፤ አላወቀም። እኔ እሱን ነበር የማየው። ተመስገን አልኩ።

እሷን እያየ ያለ ሌላም ነበር። ውሻችን ነው። የቀለጠ ቅቤ ሰማይ ላይ ሲዞር እያሸተተ በሥሯ ይሮጣል።

ልጄ ስታሳርፋት መሬቱን አንድ ጊዜ ነክታ ዘለለች፤ ሁለተኛ ነክታ ተንሸራተተች፤ ፕላስተር ያለበት ጫማ ወልቆ ተንከባለለ። ከእኛ ሁሉ ቀድሞ የደረሰው ውሻው ነው። አውሮፕላኗን ዞር ብሎም አላያት። ጫማውን በአፉ ይዞ ወደ መንገዱ ነጎደ።

"አንተ!" አለ ባለቤቴ። "ጫማዬን! ጫማዬን አምጣ!"

ሮጠ። በእውነት ሮጠ፤ እያነከሰ፣ እጁን እያወናጨፈ። የአንዱ ነጠላ ጫማው ማሰሪያ ተበጠሰና ወደ ኋላ ተወረወረ። በካልሲ ቀጠለ። በመንገዱ ላይ ወደ ማሳ የሚሄድ ኮምባይነር እየመጣ ነበር። ነጂው ባለቤቴ ያሠለጠነው ሰው ነው። አቁሞ አንገቱን አወጣ።

"ጋሼ! ውሻ ጫማዎን ወሰደብዎ?"

"የእኔን አይደለም! የአውሮፕላኗን ነው!" አለ ባለቤቴ፣ ሳይቆም።

ነጂው ምንም አልገባውም። እሱም፣ ከጎኑ የነበሩት ሰዎችም፣ ወፍጮ የሚሄዱ ሴቶችም ቆመው አዩት። ስንት ወር የደበቃትን አነካከስ አሰላ ግማሹ አየበት። ነጂው ጥሩምባውን ነፋለት።

ሲመለስ ጫማውን ከፍ አድርጎ ይዞ ነበር። አንድ እግሩ ካልሲ ብቻ ነው፤ ረጥቧል። ፊቱ ቀልቷል። እየሳቀ መተንፈስ አቅቶታል። ጫማውን ውስጡን አሳየን። አንዲት የቅቤ ዘር የለም።

"እንዲህ አድርጎ የሚያጸዳ ረዳት በሥራ ዘመኔ አላገኘሁም" አለ።

"አባዬ፣ እግርህስ?" አለች ልጄ።

"የማን እግር?"

ልጄ በማግስቱ አውሮፕላኗን ይዛ ወደ አዳማ ልትመለስ ነበር። ማታ ስንቀመጥ አክስሉን በምን እንደምታለሰልስ አባቷ አስረዳት፤ አንዲት ጠብታ የስፌት ማሽን ዘይት ይበቃል አለ፣ ራሱ ያሰበው ይመስል። እሷም "እሺ" አለች። አስተዳደጓ ጥሩ ነው።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

"ነገ ለቅዳሴ ስንት ሰዓት ነው የምትነሺው?"

ነገርኩት።

"የማደርገው ጫማ የለኝም እንጂ" አለ። "ነጠላው ተበጠሰ።"

ብርድ ልብሱን ማጠፍ ጀመርኩ። ብናገር ሐሳቡን ይቀይራል ብዬ ፈራሁ።

በማግስቱ ደወል ሳይደወል ተነሣሁ። አልጋው ሥር ገብቼ የቆዳ ጫማውን አወጣሁ። አቧራውን አራገፍኩ፤ የሸረሪቱን ድር ጠረግሁ። ቀለም ቀብቼ እስኪያበራ ወለወልኩትና አፍንጫውን ወደ ውጭ አድርጌ በሩ ላይ አቆምኩት።

በቅቤ አልቀባሁትም።